ስለ ሐዋሳ አመሠራረት ተማሪዎች በሚጽፉት ጥናት ላይ የቀረበ አስተያየት

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚባለው የተማሪ ሥራ በአገራችን ብዙ አንባቢ የለውም። መምህሩ ያነብበዋል፤ ፈታኙ ያነብበዋል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ተማሪ መጥቶ ጥቅስ እስኪወስድበት ድረስ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ይቀመጣል። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ እወድዳለሁ። ምክንያቱም ታላላቆቹ ጸሐፍት በአንድ መስመር የሚያልፉትን ነገር ተማሪው ሃያ ገጽ ይሰጠዋል፤ ያውም በእግሩ ሄዶ፥ ሰው ጠይቆ፥ ፀሐይ መትቶት ያገኘውን ነው። ስለ ሐዋሳ ከተማ የመጀመሪያ ዓመታት የተጻፉትንም በዚህ ፍቅር ሳነብብ ቆይቻለሁ። ከዚህ በታች የምሰጠው አስተያየት በልማዱ ላይ እንጂ በአንድ ሰው ሥራ ላይ ስላልሆነ፥ የጸሐፊዎቹን ስም መጥራት አላስፈለገኝም።

ጽሑፎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በአንድ ዐይነት ዐረፍተ ነገር ነው። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ርቃ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ እንደምትገኝ፥ ስሟም በሲዳማ ቋንቋ ሰፊ ውሃ ማለት እንደ ሆነ ይነግሩናል። ቀጥለውም ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ በነበሩበት ዘመን፥ የግዛቱ ዋና ከተማ ገና ይርጋለም ሳለች፥ በ1952 ዓ.ም. እንደ ተቆረቆረችና ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ ወታደሮች እንደ ነበሩ ይገልጻሉ። ይህን ሐሰት ነው የሚል የለም። ነገር ግን «ተቆረቆረች» የሚለውን ቃል ቆም ብሎ የጠየቀ ጸሐፊ ብዙ አላጋጠመኝም። ከተማ ተቆረቆረ የሚባለው ቦታው የተመረጠ ዕለት ነውን? ወይስ መሐንዲሱ መንገዱን በገመድ የለካ ዕለት? ወይስ የመጀመሪያው ጡረተኛ ጎጆውን ቀልሶ ጢስ ያጤሰ ዕለት? ወይስ የአካባቢው ሰው ቅቤውንና ቆጮውን ይዞ ወጥቶ ገበያው የቆመ ዕለት? እነዚህ ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊሆኑ አይችሉም። እያንዳንዱም ሌላ ባለቤት አለው። የመጀመሪያው የገዥው ታሪክ ነው፤ ሁለተኛው የመሐንዲሱ፤ ሦስተኛው የወታደሩ፤ አራተኛው የገበሬውና የነጋዴዋ። ተማሪው አንዱን ዓመት ሲጽፍ፥ ሳያውቀው አንዱን ባለቤት መርጧል።

ከዚህም የሚብስ አለ። ስፍራው ቀድሞ አዳሬ ይባል እንደ ነበረ ጽሑፎቹ በአንድ ሐረግ ያነሡና ያልፋሉ። አዳሬ የሚለው ስም እስከ ዛሬ በከተማዋ ሆስፒታል ላይ ይኖራል። ስም ያለው ስፍራ ደግሞ ሰው የነበረበት ስፍራ ነው፤ ሰው ባይኖርበት ማን ስም ያወጣለት ነበር? ስለዚህ የከተማዋ ታሪክ ከ1952 ዓ.ም. የሚጀምር ከሆነ፥ ከብቱን ወደ ሐይቁ ያወርድ የነበረው ሰው ታሪክ ወዴት ይግባ? ተማሪዎቻችን «ብዙ ያልታወቀ የታሪክ ምዕራፍ» የሚሉትን ሩቅ ሄደው ይፈልጉታል፤ እርሱ ግን እነርሱ በአንድ ሐረግ ባለፉት ስም ሥር ተቀብሮ ነበር።

ወደ ማስረጃው ልለፍ። አንድ ተማሪ የከተማ ታሪክ ሊጽፍ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚያንኳኳው የቀበሌን በር ነው። ይህ ደግ ነው፤ ነገር ግን ቀበሌ ራሱ የተፈጠረው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በዐዋጅ የመንግሥት ከሆኑ በኋላ መሆኑን ብዙዎች ይዘነጋሉ። የቀበሌ መዝገብ ከዚያ በፊት ስለ ነበሩት ዐሥራ አምስት ዓመታት ሊመሰክር የሚችለው በዝውውር የሰማውን ያህል ብቻ ነው። እነዚያ ዐሥራ አምስት ዓመታት፥ ማለት ከተማዋ ከተማ የሆነችባቸው ዓመታት፥ አብዛኛው ነገራቸው ያለው በሰው ልብ ውስጥ ነው። ሰውም ያልፋል። በ1952 ዓ.ም. የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ በሕይወት ቢገኝ ከዘጠና አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህ የቁጥር ነገር እንጂ የስሜት ነገር አይደለም፤ ሥራው መቼ መሠራት እንዳለበትም ከዚሁ ቁጥር ይታወቃል።

በዚህ ረገድ በዐይኔ ያየሁትን ልናገር። በአንድ ክረምት፥ ጽሑፉን ሊያዘጋጅ የመጣ አንድ ወጣት አብሬው እንድሄድ ለመነኝና መናኸሪያ ወደሚባለው የሐዋሳ ክፍለ ከተማ ሄድን። ወደ አንድ ግቢ ገብተን ተቀመጥን። የቤቱ ጌታ የወታደር ልጅ ነው፤ ወደ ሐዋሳ የመጣው በዘጠኝ ዓመቱ ነው። ተማሪው የጥያቄ ወረቀቱን አውጥቶ፥ «አባባ፥ እርስዎ ያን ጊዜ ልጅ ነበሩና፥ አባትዎ ምን ይሉ ነበር?» ሲል ጠየቃቸው። ሽማግሌው ፈገግ አሉና፥ «ልጄ፥ አባቴማ ሞቷል፤ እኔ ነኝ ያለሁት፤ ያየሁትን ልንገርህ እንጂ» አሉት። ተማሪው ግን መሥራች የሚፈልገው ትልቅ ሰው ሆኖ የመጣውን ነበርና ቶሎ ቶሎ ጻፈ። በዚህ መካከል ባለቤታቸው ቡና እያፈሉ ይሰሙ ኖሯል። እርሳቸው የዚያው አገር ተወላጅ የሲዳማ ሴት ናቸው። ስኒውን እያቀረቡ፥ «የአባቴ ከብቶች ወደ ውሃው የሚወርዱበት መንገድ በዚህ በኩል ነበር፤ አሁን አውቶቡሱ በሚወጣበት» አሉ። ተማሪው አንገቱን ነቅንቆ አመሰገነና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ከግቢው ከወጣን በኋላ ለምን እንዳልጻፈው ብጠይቀው፥ «በመጠይቁ ውስጥ የለም» ብሎ መለሰልኝ።

ልጁን ልወቅሰው አልፈልግም። መጠይቁን አዘጋጅተህ፥ አስፈቅደህ፥ ከእርሱ ሳትወጣ ጠይቅ ተብሎ ነው የተላከው። ነገር ግን መጠይቅ የሚጠይቀው ጠያቂው አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር ነው። ያልታወቀ ታሪክ የሚፈልግ ሰው የታወቀ ጥያቄ ብቻ ይዞ ቢሄድ፥ የታወቀውን መልስ ይዞ ይመለሳል።

ዘመን አቈጣጠር ሁለተኛው ትልቅ ችግር ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይበት። በሲዳማ ሕዝብ ዘንድ ሉዋ የሚባል ሥርዐት አለ። ዳራራ፥ ፉላሳ፥ ሂርቦራ፥ ዋዋሳና ሞጊሳ የሚባሉ አምስት ክፍሎች በየስምንት ዓመቱ ገደማ እየተተካኩ ይሄዳሉ፤ ዙሩም በአርባ ዓመት ገደማ ይመለሳል። አንድ የሲዳማ ሽማግሌ ነገሩ በእገሌ ሉዋ ጊዜ ሆነ ብሎ ሲናገር ነገሩን በስምንት ዓመት ውስጥ ወስኖ ሰጠ ማለት ነው። ይህም «ድሮ በጃንሆይ ጊዜ» ከሚለው መልስ እጅግ የጠበበ ነው። ተማሪው ግን ሽማግሌው የሰጠውን ትቶ «በስድሳዎቹ አካባቢ» ብሎ ይጽፋል። የየትኛው አቈጣጠር ስድሳዎቹ? እንደ እኛ አቈጣጠር ነው ወይስ እንደ አውሮፓውያን? ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ አንባቢው እንደ አውሮፓውያን ያነብበዋል፤ ተናጋሪው ግን በእኛው ተናግሮ ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው፤ ይኸውም አንድ ሙሉ ሉዋ ያህል ነው። የሽማግሌውን ቃል እንዳለ ቢጽፈው ኖሮ ስሕተቱ ራሱ በታወቀ ነበር።

የሳምንቱም ነገር እንዲሁ ነው። የሲዳማ ሳምንት ዲኮ፥ ዴላ፥ ቀዋዶ፥ ቀዋላንካ የሚባሉ አራት ቀናት አሉት፤ ገበያውም በእነርሱ ይቆጠራል። በዚህ አቈጣጠር ሦስት ሳምንት ዐሥራ ሁለት ቀን እንጂ ሃያ አንድ ቀን አይሆንም። ሰማይን አይተው የአዲሱን ዓመት ቀን የሚወስኑት አያንቶዎች ዕውቀት የሚገለጥበትን የፊቼ ጨምበላላን በዓል የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ2008 ዓ.ም. ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር መዝግቦታል። ዓለም የተቀበለውን አቈጣጠር በዚያው ከተማ የሚጻፍ ጽሑፍ ለአንዲት ቀን እንኳ መፈተኛ አለማድረጉ ያስገርማል።

ስለ ቋንቋው ደግሞ። ምስክሩ በሲዳምኛ ወይም በአማርኛ ይናገራል፤ ተማሪው በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ትምህርቱ የሚሰጥበት ቋንቋ እርሱ ስለ ሆነ በዚህ ልንከራከር አንችልም። ነገር ግን በመተላለፊያው ላይ የሚጠፋውን ማወቅ ያስፈልጋል። ገባር የሚባለው መሬቱን ይዞ ግብርና አገልግሎት ለባለ ሥልጣኑ የሚያቀርበው ነው፤ ጭሰኛ ግን በሌላ ሰው መሬት ላይ አርሶ ከምርቱ የሚያካፍለው ነው። በእንግሊዝኛው ሁለቱ በአንድ ቃል ይጠራሉ፤ ያም ጽሑፍ ተመልሶ ወደ አማርኛ ሲገለበጥ ሁለቱም «ተከራይ» ሆነው ሲወጡ አይቻለሁ። የሽማግሌዎች ሸንጎ የሆነው ሶንጎም «ኮሚቴ» ሆኗል። እንዲህ ያለውን ያነበበ የልጅ ልጅ አያቱ ቤት ተከራይቶ ይኖር የነበረ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ የሌላ አገር ምሳሌ ባነሣ አንባቢ አይቀየመኝም። በአሜሪካ የመጀመሪያ ዘመን ታሪክ ውስጥ ስለ ጦር መሪዎችና ስለ ሕገ መንግሥት አርቃቂዎች የተጻፈው መጽሐፍ ተቈጥሮ አያልቅም። ዛሬ ሜይን በሚባለው ክፍለ ግዛት፥ ሀሎዌል በምትባል ትንሽ ከተማ፥ ማርታ ባላርድ የምትባል አዋላጅ ነበረች። ከ1785 እስከ 1812 እ.ኤ.አ.፥ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ፥ የየቀኑን ሥራዋን በማስታወሻ ትጽፍ ነበር፤ 816 ልጆችም አዋልዳለች። ማስታወሻው ለረጅም ዘመን እንደ ተራ የቤት ወሬ ተቈጥሮ ችላ ተባለ። ሎረል ታቸር ኡልሪች የምትባል የታሪክ ሊቅ ግን ተራ የተባለውን ራሱን ይዛ በ1990 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አወጣችበት፤ በሚቀጥለውም ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት ተሰጣት። ሴቲቱ በየቀኑ የጻፈችውን ስለ አየሩ፥ ስለ ወንዙ፥ ስለ ዕዳውና ስለ ሽመናው ደርድራ፥ የአንዲትን ከተማ ኑሮ አቆመችው። ከጦርነቱና ከሕገ መንግሥቱ ይልቅ ያ ኑሮ ነበር ሳይታወቅ የቀረው።

ምሳሌውን እንዳለ እንገልብጠው ማለቴ አይደለም። የባላርድን የሚመስል የቀን ማስታወሻ በሐዋሳ ይገኛል ብዬ አልጠብቅም። ነገር ግን እድር አለ። የእድር መዝገብ ማን መቼ እንደ ሞተ፥ ማን ለቀስተኛ እንደ መጣ፥ ማን መዋጮውን እንዳልከፈለ ይናገራል፤ ከየትኛው አገር የመጣ ሰው ከየትኛው ጋር አብሮ እንደ ተቀበረም ያሳያል። የክርስትና መዝገብም አለ፤ የጡረታ ደብተር አለ፤ በሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የግብር ደረሰኝ አለ። ከእነዚህ ሁሉ ባነበብኋቸው ሥራዎች ውስጥ የተጠቀሰ ብዙ የለም። ይልቁንም በመጨረሻው ገጽ ላይ የምስክሮች ሠንጠረዥ ይቀርባል፤ ስም፥ ዕድሜ፥ ሥራ፥ የተጠየቁበት ቀን። በሠንጠረዡ ውስጥ የሴት ስም መፈለግ በጭድ ክምር ውስጥ መርፌ እንደ መፈለግ ነው፤ ከተማ ግን በወንድ ብቻ አይቆምም። የመጀመሪያው ጡረተኛ ከአውቶቡስ ሲወርድ እንጀራውን የሸጠችለት ማን ነበረች?

ተማሪ የሚጽፈው ነገር ዋጋ እንዳለው ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ጥቂት ቆይቶ ተማሪዎቹ የኤትኖሎጂ ማኅበር አቋቋሙ፤ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪም ይመሯቸው ነበር። ተማሪዎቹ ለዕረፍት ወደ ትውልድ አገራቸው ሲሄዱ የሠርጉን፥ የለቅሶውን፥ የዳኝነቱን ልማድ እየጻፉ ያመጡ ነበር፤ ጽሑፋቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ በአሉላ ፓንክረስት አዘጋጅነት እንደገና ታትሞ እስከ ዛሬ ሊቃውንት ይጠቅሱታል። እነዚያ ወጣቶች ከዛሬዎቹ የሚበልጥ ሥልጠና ስለ ነበራቸው አይደለም። የሚጠይቁትን ሰው ቋንቋ ያውቁ ነበር፤ ሳያውቁት የተሳሳቱትንም እናቶቻቸው ያርሟቸው ነበር። ጉድለታቸው ሌላ ነው፤ ልማዱን ሁሉ ዘመን እንደሌለው አድርገው መጻፍ ይቀናቸዋል። የዛሬዎቹ ደግሞ ዘመን ብቻ ይዘው ልማዱን ትተዋል። አሜሪካዊው ጆን ሐመር በ1950ዎቹ ዓ.ም. ስለ ሲዳማ ሽማግሌዎች ሥልጣን ሲያጠና ዐይኑ ያረፈው በገጠሩ ላይ ነበር፤ በእነዚያው ዓመታት በሐይቁ ዳር ከተማ ይሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ ከተማው የኤትኖሎጂ ጉዳይ አይደለም ይባል ነበር። ዛሬ እንዲህ የሚል የለም፤ ሥራው ግን ገና አልተጀመረም።

ከመናኸሪያው ጋር የተያያዘውን ነገር ልጨርስ። ያ ወጣት ጽሑፉን ከማስረከቡ በፊት ለሁለተኛ ጊዜ ብቻውን ወደዚያ ግቢ ተመልሶ ኖሯል። የቤቱ እመቤት በትራቸውን ይዘው ከአውቶቡሱ መውጫ ተነሥተው እስከ ሐይቁ ዳር አብረውት ሄዱ፤ ከብቶቹ የሚያርፉበትን፥ ጥጆቹ የሚታሰሩበትን፥ አንዲት ላም የሰጠመችበትን ስፍራ አሳዩት። እርሱም በእርሳስ ንድፍ አነሣ፤ መንገዱ በሦስት ስፍራ በግንብ ተቋርጧል፤ በአንድ ስፍራ ደግሞ የትምህርት ቤት አጥር ይዞታል። ሥራው ታርሞ ሲደርሰኝ ንድፉን በመጨረሻው ላይ አገኘሁት፤ «አባሪ 3» ይላል፤ የሴቲቱም ስም ከሥሩ በትንሹ ተጽፏል። እንደ እኔ አስተያየት ግን ያ ንድፍ የጽሑፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ ነበር።