ሁለት ደብዳቤዎች፤ ከበርሚንግሃም እስከ ካምፓላ

በለንደን ዌስትሚንስተር አቢ ምዕራባዊ በር አናት ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 የ10 ሰማዕታት ሐውልት ቆመ። የኡጋንዳው ሊቀ ጳጳስ ጃናኒ ሉዉምና ጥቁር አሜሪካዊው ቄስ ማርቲን ሉተር ኪንግ በዚያ ረድፍ ይገኛሉ፤ የሚለያቸው የሩሲያዊቷ ልዕልት ኤልሳቤጥ ሐውልት ብቻ ነው። አቀማመጡ ያማረ ነው። ይሁንና ድንጋዩ የሚናገረው አሟሟታቸውን ነው። «ሰማዕት» ግን በግእዝ መሠረቱ ምስክርነትን ያመለክታል፤ የናሙጎንጎ ሰማዕታት በሉጋንዳ የሚጠሩበት «አባጁሊዚ»ም ምስክሮች ማለት ነው። የሁለቱ ምስክርነት ያለው በወረቀት ላይ ነው።

ኪንግ በሚያዝያ 1963 ከበርሚንግሃም እስር ቤት የጻፉት፣ ሰልፉ ጊዜውን አልጠበቀም ላሏቸው ነጭ ካህናት ነበር። ዓረፍተ ነገሮቹ የዐውደ ምሕረት ድምፅ አላቸው፤ ከጀርባቸውም ጥቁሮች ራሳቸው ያቆሟት ቤተ ክርስቲያን አለች። በሞንትጎመሪ ለ381 ቀናት በአውቶቡስ አንሳፈርም ያለው ሕዝብ የተሰበሰበውም ገንዘብ ያዋጣውም በእርሷ አዳራሽ ነው።

የካምፓላው ደብዳቤ ሌላ ነው። የካቲት 5 ቀን 1977 ከንጋት በፊት ወታደሮች ናሚሬምቤ የሚገኘውን የሉዉምን ቤት በረበሩ፤ ጳጳሳቱም በ10ኛው ቀን ለኢዲ አሚን ጻፉ። ቋንቋው የመሥሪያ ቤት አቤቱታ ይመስላል። በዚያ ድርቀት መካከል ግን አንድ ምስል ብቅ ይላል፤ በሊቀ ጳጳሱ ሆድ ላይ የተደገነው አፈሙዝ በእያንዳንዱ ክርስቲያን ላይ የተደገነ ነው ይላል። የደብዳቤው ብርታትም ጥበትም እዚህ ላይ ነው። በአሚን ዘመን ሙስሊሞችም ተገድለዋልና። ኪንግ የወገናቸውን በደል የሰው ሁሉ ጉዳይ አድርገው ሲጽፉ፣ ጳጳሳቱ አጥራቸውን አልተሻገሩም።

ፍርዱ ግን መክበድ የለበትም። ኪንግ የፌዴራል ፍርድ ቤትና የቴሌቪዥን ካሜራ ነበራቸው፤ ጳጳሳቱ ፊርማቸው ብቻ። ሉዉም የካቲት 16 ቀን ከሁለት ሚኒስትሮች ጋር ተገደሉ፤ መንግሥት የመኪና አደጋ ነው አለ። አስከሬናቸው ወደ ትውልድ ቀያቸው ሙቺዊኒ ስለተላከ በናሚሬምቤ ከጳጳስ ሃኒንግተን መቃብር ጎን የተቆፈረው ጉድጓድ ባዶውን ቀረ። (ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ሐምሌ 1979 አዲስ አበባ ላይ ታፍነው የተገደሉት የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አፅም የተገኘው በ1992 ነው።) ያ ባዶ ጉድጓድ ከለንደኑ ሐውልት ይልቅ ይናገራል።

ኡጋንዳ ከ2015 ጀምሮ ዕለቱን በብሔራዊ በዓልነት ታስባለች። በዚያ ቀን ከንግግሩ አስቀድሞ ደብዳቤው ቢነበብ መልካም ነበር። ሁለቱን ደብዳቤዎች በአንድ ጥራዝ ወደ አማርኛ የሚመልስ ቢገኝም፣ የጳጳሳቱን ድርቀት ለማስዋብ ባይሞክር ይመረጣል።