«አደጋን ለመቋቋም» የተባለው ፕላስሚድ፤ አጭር ሂስ

በ2006 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአየርላንድ አገር የኮርክ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ፒ-ኤን-ፒ 40 የሚባለውን ፕላስሚድ ከዳር እስከ ዳር አንብበው ውጤቱን አሳተሙ። በጽሑፋቸው አርእስት ላይ ፕላስሚዱ ከአካባቢ የሚመጣን አደጋ ለመቋቋም የሚያገለግል ተንቀሳቃሽ አካል ተብሎ ተሰይሟል። የንባቡ ሥራ የሚመሰገን ነው፤ 65 ሺሕ ያህል የዲኤንኤ ፊደል አንድ ባንድ መለየት ቀላል ድካም አይደለም። ሙግታችን ከአርእስቱ ጋራ ነው። አንባቢ ከጽሑፉ ሁሉ በፊት የሚያምነው አርእስቱን ስለሆነ በዝምታ ልናልፈው አልወደድንም።

ሌላ ትምህርት ለሚከታተሉ ጓደኞቻችን ነገሩን ባጭሩ እንግለጽ። ፕላስሚድ ማለት ባክቴሪያ ከዋናው ክሮሞሶም ሌላ በውስጡ የሚይዘው ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ነው። ይህኛው የተገኘው ወተትን አኮምጥጦ ለአይብ በሚያዘጋጀው በላክቶኮከስ ላክቲስ ውስጥ ነው። የዚህ ባክቴሪያ ጠላት ባክቴሪዮፋጅ የሚባለው ቫይረስ ሲሆን፣ ኋይትሄድና ኮክስ በ1935 በኒውዚላንድ የአይብ እርሾ ውስጥ መኖሩን አስታወቁ። ፋብሪካ አንድ ዓይነት እርሾ ብቻ ሲጠቀም፣ ቫይረሱ የገባ ዕለት በጋኑ ያለው ባክቴሪያ ባንድነት ይወድቃል፤ ወተቱም ሳይኮመጥጥ ይቀራል። (የእናቶቻችን እርጎ በአንድ ቅል ውስጥ የብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ሥራ ስለሆነ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሊቀጥል ይችላል። ፋብሪካው ግን ዘወትር አንድ ጣዕምና ቁርጥ ያለ ሰዓት ስለሚሻ ይህን ድክመት አብሮ ገዝቷል።)

እንግዲህ ፕላስሚዱ ምን ይዟል? የቫይረሱ ዲኤንኤ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ የሚከለክል፣ የገባውን የሚቆራርጥ፣ ይህም ባይሳካ የቫይረሱን መባዛት በመንገድ የሚያስቀር መሣሪያ አለው። በዚህ ላይ ናይሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ ለመቋቋም የሚያስችል ጂን፣ እንዲሁም ከታወቁት የብርድ መከላከያ ጂኖች ጋራ የሚመሳሰሉ ጂኖች አሉበት። በመመሳሰል ስም የተሰጠው ጂን በቀዝቃዛ ወተት ውስጥ በእርግጥ ምን ያህል እንደሚረዳ ግን በፈተና መታየት ይኖርበታል።

ሦስተኛውን መሣሪያ ልብ ብለን እንየው። ቫይረሱ ሳይባዛ የሚቀረው የተያዘው ባክቴሪያ አብሮት ስለሚሞት ነው፤ የሚተርፉት ጎረቤቶቹ ናቸው። ታዲያ «መቋቋም» የተባለው የማን ነው? የሟቹ አይደለም። የወገኑ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ የፕላስሚዱ የራሱ ነው ቢባልም ያስኬዳል፤ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ተሻግሮ የሚዛመት ነውና። አርእስቱ ይህን ልዩነት ይሸፍነዋል።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። መኬይና ባልድዊን በ1984 ስለዚሁ ፕላስሚድ ሲጽፉ፣ ሲ2 የተባለውን ቫይረስ በ21 እና በ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚከላከል፣ በ37 ዲግሪ ግን እንደማይከላከል አመለከቱ። የቸዳር አይብ ሠሪ ደግሞ የረጋውን ወተት ቆራርጦ እስከ 38 ወይም 39 ዲግሪ ያሞቀዋል። ሌሎቹ መሣሪያዎች በዚያ ሰዓት ይረዱ ይሆናል፤ ይህኛው ግን የሚላላው ጋኑ በሚሞቅበት ጊዜ ነው።

ቫይረሱም ዝም ብሎ አይጠብቅም። በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ክላይንሃመርና ባልደረቦቹ ያጠኑት ፒ-ቲ-አር 2030 የተባለው ሌላ ፕላስሚድ በ1980ዎቹ ለፋብሪካ እርሾ መከላከያ ሆኖ ነበር። ይህ ፕላስሚድ የራሱን ዲኤንኤ ምልክት እያደረገ ምልክት የሌለውን የሚቆርጥ ነው። በ1991 ሂል፣ ሚለርና ክላይንሃመር እንደገለጹት፣ አንድ ቫይረስ የምልክት ማድረጊያውን ጂን ሥራ የሚሠራ ክፍል ከዚያው ከፕላስሚዱ ወስዶ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ቫይረሱ ራሱ ምልክት አድራጊ ሆነ፤ መቁረጫውም እንደ ቤተሰብ አሳለፈው። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው «ለመቋቋም» ሲል «እስከ መቼ» ብሎ መጠየቅ ይገባው ነበር።

በእኛ አስተያየት የፒ-ኤን-ፒ 40 ትልቁ ጥቅም አርእስቱ ያልጠቀሰው ነው። ፕላስሚዱ በተፈጥሮ መንገድ ስለሚተላለፍና ናይሲንን ስለሚቋቋም፣ የተቀበሉትን ባክቴሪያዎች በናይሲን ብቻ ለይቶ ማውጣት ይቻላል፤ ለመድኃኒት የሚያገለግሉ አንቲባዮቲኮችን የሚቋቋም ጂን ወደ ምግብ ማስገባት አያስፈልግም። ናይሲን ራሱ ለአይብ ማቆያ የሚጨመር ነገር ነው።