ቁጥርም ደራሲ አለው
ስለ ደብረ ሊባኖስና ስለ እንግጫ ሰማዕታት አኃዝ የቀረበ ሂሳዊ አስተያየት

አንድ ድርሰት ለሂስ ሲቀርብ ሃያሲው በቅድሚያ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ተናጋሪው ማን ነው? የሚናገረውስ ለማን ነው? በመናገሩ ምን ሊያተርፍ ያስባል? እነዚህን ጥያቄዎች ለግጥምና ለተውኔት እንጂ ለቁጥር ማቅረብ ብዙም አልተለመደም። ቁጥር ስሜት ስለሌለው አይዋሽም ተብሎ ይታመናልና። ነገር ግን በሃይማኖት ስም ወይም በሃይማኖት ተቋም ላይ በተፈጸመ ግፍ ያለቁ ሰዎች አኃዝ፣ እንደ ማንኛውም ድርሰት፣ ደራሲና ታዳሚ አለው።

የሰሜን ሸዋ ምድር ለዚህ አባባል በቂ ማስረጃ ይዟል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ጣዮቹ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በደብረ ሊባኖስ ገዳም ተጠልለው ነበር፣ መነኮሳቱም የሤራው ተባባሪዎች ናቸው በሚል ክስ የፋሺስቱ እንደራሴ ቅጣት አዘዘ። ፈጻሚው ጄኔራል ማሌቲ ነበር። ግንቦት 13 ቀን መነኮሳቱ ላጋ ወልዴ በተባለው ስፍራ ተረሸኑ። ለጊዜው በሕይወት የቆዩት ዲያቆናት ደግሞ ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው፣ ግንቦት 18 ቀን ከከተማይቱ አቅራቢያ እንግጫ ላይ ተጨፈጨፉ።

ግራዚያኒ ወደ ሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ፤ ኋላም 129 ዲያቆናትን ጨመረ። ድምሩ 449 መሆኑ ነው። ይህ አኃዝ ለብዙ ዓመታት በታሪክ መጻሕፍት ሲጠቀስ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ግን ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የዓይን ምስክሮችን ቃል ከኢጣሊያ ሰነዶች ጋር አመሳክረው፣ በሁለቱ ስፍራዎች የተገደሉት ከ1,423 እስከ 2,033 እንደሚደርሱ ገመቱ።

እንግዲህ የትኛውን እንመን? 449 ሲታይ የመዝገብ ቤት ጥንቃቄ ያለበት ይመስላል። ሆኖም ቴሌግራሙን እንደ ድርሰት እናንብበው። ጸሐፊው ገዳይ፣ አንባቢው አለቃ፣ ዓላማውም ጥፋተኞች ብቻ መቀጣታቸውን ማሳየት ነው። ጭፍጨፋው የተፈጸመው ግንቦት 12 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በሚከበርበት ሰሞን መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል። ገዳሙ በተሳላሚና በእንግዳ በሚሞላበት በዚያ ሰሞን ለበዓል የመጣ ምእመን በጥፋተኞች ዝርዝር ውስጥ ምን ስፍራ ይኖረዋል? የትክክለኛነት መልክ ያለው ቁጥር ሁሉ የተሟላ ቁጥር አይደለም። ያም ሆኖ 449 አይጣልም፤ ገዳዩ በራሱ ብዕር ያመነው ወለል ነውና፣ ጭፍጨፋውን ለመካድ ለሚሻ ሁሉ አፍ ማስያዣ ነው።

በአንጻሩ የተመራማሪዎቹ ግምት በ610 ሰዎች ልዩነት የተዘረጋ ነው። ይህን ስፋት እንደ ድክመት የሚቆጥሩ ይኖራሉ። እኔ ግን ብርታቱን የማየው እዚያው ላይ ነው፤ የሚታወቀው እስከ የት እንደሆነ ራሱ ይናገራልና።

ቁጥርን ለዓላማ ማዋል የፋሺስቶች ፈጠራ አይደለም። በ1521 ዓ.ም. ስለተደረገው የሽምብራ ኩሬ ጦርነት የጻፈው የኢማም አሕመድ ታሪክ ጸሐፊ ዓረብ ፈቂህ፣ የዐፄ ልብነ ድንግልን ጦር 16,000 ፈረሰኛና ከ200,000 በላይ እግረኛ ያደርሰዋል። የኢትዮጵያው ዜና መዋዕል በበኩሉ የንጉሡን ፈረሰኛ ወደ 3,000 ያወርደዋል። የአሸናፊው ወገን ድሉን ለማግነን ጠላቱን ሲያበዛ፣ የተሸናፊው ወገን ትረካ ሌላ ስሌት ይከተላል። ሁለቱም ወገኖች አምላካቸውን ምስክር አድርገው የጻፉ ናቸው።

የእኛ ሚዛን የሚፈተነው ግን ቁጥሩ ከምንጠብቀው ሲያንስ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት በየካቲቱ ጭፍጨፋ 30,000 ሰዎች በአዲስ አበባ እንዳለቁ አስታውቆ ነበር። ያው ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው መጽሐፍ ግምቱን ወደ 19,200 አወረደው። የደብረ ሊባኖስን አኃዝ ከፍ ሲያደርግ ያጨበጨብንለት፣ የአዲስ አበባውን ዝቅ ሲያደርግ ፊታችንን የምናጠቁርበት ከሆነ፣ ያመንነው የራሳችንን ፍላጎት እንጂ ምርምሩን አይደለም ማለት ነው። 19,200 ሬሳ ለፋሺዝም ክስ ያንሳልን?

ጉዳዩ ሌላም አደጋ አለው። ፋሺስቱ ለደብረ ሊባኖሱ ግድያ ያሰማራው ሙስሊም የቅኝ ግዛት ወታደሮች የነበሩበትን ሻለቃ ነው። ይህም የክርስቲያን ወታደር እጅ እንዳያመነታ፣ የሕዝቡም ሃይማኖት በሃይማኖት ላይ እንዲነሣ የታሰበ ስልት ነበር። የሟቾችን ቁጥር ጠርቶ የአዛዡን ስም የሚዘል መምህር ወይም ካድሬ፣ ሳያውቀው ያንን ስልት ይፈጽማል። አኃዙ ከእነትእዛዙ ካልቀረበ ጎረቤትን ከጎረቤት ማጋጫ ይሆናል።

ለኪነ ጥበብ ሰውስ ምን ይበጃል? መድረክ ብዛትን አይፈልግም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ«ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» ተውኔታቸው በመድረክ ያቆሙት በ1928 ዓ.ም. የተረሸኑትን አንድ ጳጳስ ነው፤ የአንድ ሰው ሞት ተመልካችን ለመያዝ በቅቷል። ስለዚህ ተመልካችን ለማስለቀስ ሲባል ከፍተኛውን ቁጥር መምረጥ ለጥበቡ ምንም አይጨምርለትም፤ ለካጁ ግን አንድ ስንጥቅ ይከፍትለታል። አንድ ቁጥር የተጋነነ መሆኑ የተገለጠ ዕለት፣ እውነተኛው ግፍ አብሮ ይጠረጠራል።

ስለ እንግጫ ተውኔት የሚጽፍ ጸሐፊ ከደብረ ብርሃን ቢነሣ፣ የምመክረው ይህን ነው። 129 የሚለውን አኃዝ ከግራዚያኒ አፍ ያሰማን፤ ከዚያ የሚበልጠውንም ከምስክሮቹ አፍ ያሰማን። ሁለቱ በአንድ መድረክ ፊት ለፊት ይቁሙ። ተመልካቹም እያንዳንዱ ከየት ቆሞ እንደቆጠረና ማንን ሳይቆጥር እንዳለፈ አይቶ ይፍረድ።