ከእረኛው ዋሽንት እስከ ኦርኬስትራው

በአርሲ ደጋ፣ በጮሌ ተረተር ላይ ከብት የሚያግድ እረኛ ዋሽንቱን ሲነፋ ከፊቱ የኖታ ወረቀት የለም፤ ቅኝቱ በጆሮው፣ ልኩ በጣቶቹ ነው። ይህን ድምፅ በወረቀት አስፍሮ ለኦርኬስትራ ማቅረብ ማክበር ነው ወይስ ማጉደል? የዶክተር አሸናፊ ከበደ ሕይወትና ሥራ ሊመዘን የሚገባው በዚህ ጥያቄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1938 የተወለዱት አሸናፊ፣ በአሜሪካ በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው ሲመለሱ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ። በ1967 «እረኛው ዋሽንተኛ» የተሰኘው ድርሰታቸው በሃንጋሪ ኦርኬስትራ ተሰማ።

እርግጥ፣ በዝውውሩ የሚቀር ነገር አለ። አራት ቀዳዳ ያለው የሸምበቆ ዋሽንት ድምፁ በትንፋሽ ይለዝባል፣ ይጎብጣል፤ ነፊውም ለየድምፁ ከፍታ ሌላ ዋሽንት ይመዝዛል። የብረቱ ፍሉት ግን ልኩ አስቀድሞ ተወስኗል። ስለዚህ ኖታው የእረኛውን ዜማ እንጂ እረኛውን ራሱን አይተካም።

ይሁን እንጂ የአሸናፊ ጉዞ በዝውውር አላበቃም። በ1971 በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በሕዝቦች ሙዚቃ ጥናት አገኙ፤ በ1982 የጥቁር ሕዝቦችን ሙዚቃ ሥረ መሠረት የሚመረምር መጽሐፍ አሳተሙ። ደራሲው ተመራማሪ መሆናቸው የድርሰታቸውን ጉድለት ባይሞላም፣ ምንጩ እንዳይረሳ አድርጓል።

አሸናፊ በ1998 በአሜሪካ አረፉ። ድርሰታቸው ፍትሐዊ ፍርድ የሚያገኘው በአዳራሽ ብቻ ሲደመጥ አይደለም፤ ኦርኬስትራውና ባለዋሽንቱ በአንድ መድረክ ሲገናኙ፣ የጮሌው እረኛም አድማጭና ፈራጅ ሆኖ ሲቀመጥ ነው።