ድርና ማግ የሌለው ጨርቅ

ጨርቅ ሲባል ድርና ማግ ትዝ ይለናል። እኔ የማደንቀው ግን ሳይፈተልና ሳይሸመን፣ ባዘቶ እንደ መሰለ ለሕክምና የሚቀርበውን የአልጂኔት ቁስል መሸፈኛ ነው።

መነሻው ባሕር ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ኤድዋርድ ስታንፎርድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ከቡናማ የባሕር አረም አልጂን የተባለውን ንጥረ ነገር ለየ። ዛሬ ከዚሁ የሚገኘው አልጂኔት በውሃ ሟሙቶ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ተገፍቶ ካልሲየም ወዳለበት ፈሳሽ ሲገባ ይጠጥርና ቀጭን ጭረት ይሆናል። ጭረቱ ተበጥሮ፣ ተደራርቦ፣ አንዳንዴም በመርፌ ተወጋግቶ እርስ በርሱ ሲያያዝ ለስላሳ ጨርቅ ይወጣዋል።

ድንቁ ሥራ የሚጀምረው ቁስል ላይ ሲያርፍ ነው። ጨርቁ ካልሲየሙን ይለቃል፤ ከቁስሉ ፈሳሽ ደግሞ ሶዲየም ይቀበላል። በዚህ ልውውጥ ጭረቱ ፈሳሹን ይዞ ወደ ጄል ይለወጣል። የተለቀቀው ካልሲየም ደም እንዲረጋም ያግዛል።

ደረቅ ጎዝ ቁስል ላይ ተጣብቆ ሲነሣ አዲሱን ሥጋ ይዞ እንደሚላቀቅ የቀመሰው ያውቀዋል። በ1962 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር በአሳማዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ እርጥበቱ የተጠበቀለት ቁስል ለአየር ከተጋለጠው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ አዲስ ቆዳ እንደሚያወጣ አሳየ። አልጂኔት ይህን እርጥበት ይጠብቃል፤ ሲነሣም አይቦጭቅም።

ለደረቅ ቁስል አይሆንም፤ የሚንዠቀዠቅን ደምም በመጀመሪያ የሚያቆመው አጥብቆ የሚጫን እጅ ነው። ብዙ ፈሳሽ ለሚያመነጭ ቁስል ግን ሕመምተኛውን ሳያሠቃይ የሚያገለግል፣ ከልብ የሚመሰገን ጨርቅ ነው።