በፍቅር ብቻ የሚሰጥ ምርቃት

ከአይሁድ እምነት ሥርዓቶች ሁሉ የካህናት ቡራኬን ያህል ልቤን የሚነካው የለም። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 6 የሰፈረው ይህ ምርቃት በዕብራይስጥ 15 ቃላት ብቻ ነው። ሦስቱ ስንኞች 3፣ 5 እና 7 ቃላት ይዘው እየሰፉ ይሄዳሉ፤ ጥበቃን፣ ቀጥሎም ጸጋን ለምነው በሰላም ያሳርጋሉ። ሰላም መጨረሻ ላይ መቀመጡ ተገቢ ነው፤ የጥንት መምህራን በረከትን የሚይዝ ዕቃ ሰላም ብቻ እንደሆነ አስተምረዋልና።

በ1979 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም፣ ኬቴፍ ሂኖም በተባለ ስፍራ ከመቃብር ዋሻ ሁለት ትናንሽ የብር ጥቅልሎች ተገኙ። ከ2,500 ዓመት በላይ ያስቆጠሩት እነዚህ ጥቅልሎች የዚሁ ቡራኬ ቃላት ተቀርጸውባቸዋል።

ዛሬም ካህናቱ በምኩራብ ጫማቸውን አውልቀው፣ በጸሎት መጎናጸፊያቸው ተከናንበው እጃቸውን ይዘረጋሉ። በብዙ ቤቶችም ዓርብ ማታ ወላጆች እጃቸውን በልጆቻቸው ራስ ላይ ጭነው በዚሁ ቃል ይመርቃሉ።

እኔ ከሁሉ የምወደው ግን አንዱን ደንብ ነው። ካህኑ ሕዝቡን በፍቅር እንዲባርክ መታዘዙን አስቀድሞ ያውጃል፤ በጉባኤው ላይ ጥላቻ ያደረበት ካህን እጁን አያነሣም። ለሌላው ሰላምን የሚለምን ሰው መጀመሪያ ከእርሱ ጋር ሰላም ሊኖረው ይገባል።