«የመተላለፊያ ይዘት» እና «የትራፊክ ቁጥጥር»፦ በሁለት የመረብ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው ጎዳና ሆለታን አልፎ ወደ ጊንጪ የሚጓዝ ሰው «ትራፊክ አለ» ቢባል የሚረዳው መንገድ ዳር የቆመውን ፖሊስ ነው። የተሽከርካሪው ብዛት በሐሳቡ አይመጣም፤ ለዚያስ «መንገዱ ተጨናንቋል» ይላል። እንግዲህ ተርጓሚው በኮምፒዩተር መረብ ስዊች የሚያልፈውን መረጃ «ትራፊክ»፣ ፍሰቱ የሚመጠንበትን አሠራርም «የትራፊክ ቁጥጥር» ሲለው፣ ቃሉን የምንነቅፈው ባዕድ ስለ ሆነ ሳይሆን በአማርኛ አስቀድሞ ሌላ ሰው ስለሚጠራበት ነው።

ከዚህ የከፋው ግን በዘመኑ የሶፍትዌር ትርጉሞች ለባንድዊድዝ ተሰጥቶ የምናገኘው «የመተላለፊያ ይዘት» ነው። ይዘት አንድ ዕቃ የሚይዘው መጠን፣ ወይም በመጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው ቁም ነገር ነው፤ ጊዜ አይቆጠርበትም። ባንድዊድዝ ግን ያለ ጊዜ አይለካም። 75 ሜጋባይት ማለት 600 ሜጋቢት ነው፤ ይህን ያህል ፋይል በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ቢላክ፣ ሌላ መዘግየት ካልታከለበት 60 ሰከንድ ይፈጃል። የፋይሉ ይዘት 75 ሜጋባይት ሲሆን 10 ሜጋቢት በሰከንድ ግን የመስመሩ የማሳለፍ አቅም ነው። ሁለቱን የሚያደባልቅ ስያሜ አንባቢውን ገንዘብ ያስከፍለዋል፤ የሞባይል ዳታ ጥቅል የሚሸጠው በጊጋባይት፣ የመሥሪያ ቤት መስመር ግን በሰከንድ በሚያልፈው ሜጋቢት ነውና። በአምቦ ወይም በጉደር ውል የሚፈርም ሰው መጠን ይግዛ ፍጥነት ከጽሑፉ መረዳት አለበት። ስለዚህ «የማሳለፍ አቅም» የሚለውን እንመርጣለን።

ወደ አሠራሩ ስንመጣ፣ «ቅርጽ ማስያዝ» የሚለው ቃል በቃል የተገለበጠ ትርጉም ለማንም ምንም አይነግርም። በሁሉቃ ወይም በጉደር ወንዝ ዳር በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ግን ነገሩን ያውቀዋል። ውኃው ከቦዩ አቅም በላይ ሲመጣ፣ አቁሮ ቀስ በቀስ መልቀቅ አለ፤ ትርፉን አውጥቶ መጣልም አለ። ስዊቹም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው አሠራር ከተወሰነው ልክ ያለፈው መረጃ በወረፋ ቆይቶ ይሄዳል፤ ይዘገያል እንጂ፣ ማቆያው ሞልቶ ካልፈሰሰ በቀር አይጠፋም። በሁለተኛው ትርፉ እዚያው ይጣላል፤ ላኪው እንደገና ካልላከው ቀረ ማለት ነው። ሁለቱንም «መገደብ» ማለት ልዩነቱን ይሰውራል። እኛ የመጀመሪያውን «ፍሰት መግራት»፣ ሁለተኛውን «ትርፍ መጣል» እንላለን። መግራት ለወይፈንና ለበቅሎ ነው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አይጠፋንም። ይሁን እንጂ የተገራ ወይፈን ጉልበቱ አይቀነስም፤ መፈናጠሩ ነው የሚቀረው፤ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። «ፍሰት»ም በአምቦ አካባቢ ለሚሠራ ተርጓሚ ይመቸዋል፤ የኦሮምኛው «ያኡ» ለውኃ መፍሰስ የሚነገር ነውና ሁለቱን ቋንቋዎች በአንድ ምስል ማስኬድ ይቻላል።

«ቁጥጥር» ስለሚለው ቃል አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገድሎ በትውልድ ከተማው በአምቦ በተቀበረበት ሳምንት፣ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ያህል ቆይቷል። ያንን ያየ አንባቢ «የባንድዊድዝ ቁጥጥር» ሲባል መዘጋትን ቢረዳ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። መግራት፣ መጣልና መዝጋት ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መስመሩ የዘገየበትና መስመሩ የተዘጋበት ሰው አቤቱታቸውን በአንድ ቃል እንዲጽፉ የሚያስገድድ መዝገበ ቃላት፣ መልስ ሰጪውን አካል ከመልስ ያድነዋል።

መሣሪያውን ራሱን «ማብሪያ ማጥፊያ» ያሉም አሉ። ይህ የግድግዳው መብራት ስም ነው። የመረብ ስዊች የመጣለትን መረጃ አድራሻ አይቶ ወደሚገባው ወደብ ያሳልፋል፤ ስምንት የቅድሚያ ደረጃዎችን ለይቶ ማን በፊት ማን በኋላ እንደሚሄድም ሊወስን ይችላል። የሚያበራውም የሚያጠፋውም የለም፤ «ስዊች» እንደ ሆነ ይቆይ።